ሊብሬው በእኛ ስም፣ መረጃው በሌላ እጅ



በዚህ ማኒፌስቶ ውስጥ ፓርቲያችን ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሰላም ያለውን አቋም በዝርዝር አስቀምጧል። ከእነዚህ ጎን ስለ መኪና ባትሪ፣ ስለ ቆጣሪና ስለ ዳታ የሚናገር ጽሑፍ ማስገባት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። “ዳቦ በጠፋበት ጊዜ ስለ ዳታ ማውራት ምን ይረባል?” የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱን መስጠት ነው።

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ዛሬ በገንዘባችን የምንገዛቸው ዕቃዎች ይለካሉ፣ ይመዘግባሉ፣ የመዘገቡትንም ወደ ሌላ ቦታ ይልካሉ። ስለ ዕቃው ጤንነትና ስለ እኛ ውሎ የሚናገረው ይህ መዝገብ ግን በእጃችን የለም። አምራቹ ያየዋል፤ አምራቹ የፈቀደለት ያየዋል፤ ዋጋውን የከፈለው ሰው ግን አያየውም። ፓርቲያችን ይህ አሠራር በሕግ መታረም አለበት ብሎ ያምናል።

አማራጭ የሌለው ገዢ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። ባለሥልጣናቱ ራሳቸው በሰጡት መግለጫ መሠረት በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ከ100 ሺህ በልጧል። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ መቀነስና በገዛ ወንዞቻችን ኃይል መንቀሳቀስ በመሠረቱ የሚነቀፍ ሐሳብ አይደለም፤ ፓርቲያችንም አይቃወመውም።

ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ የተገጠመለት ኮምፒዩተር ነው። የባትሪው መቆጣጠሪያ የባትሪውን ቮልቴጅና ሙቀት፣ ቻርጅ የተደረገበትን ሁኔታ፣ ከአዲስነቱ አንጻር የቀረውን አቅም ይከታተላል። ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች የራሳቸው መገናኛ ስላላቸው የት እንደዋሉ፣ በምን ፍጥነት እንደተነዱ፣ መቼ በድንገት ፍሬን እንደተያዘባቸው ወደ አምራቹ ሰርቨር መላክ ይችላሉ። እንግዲህ መንግሥት ዜጋው አዲስ የቤት መኪና ሲያስገባ ለአምራቹ ሪፖርት የሚያደርግ መኪና ከማስገባት ሌላ ምርጫ አሳጣው፤ አምራቹ ለዜጋው ሪፖርት እንዲያደርግ ግን አላስገደደም። ግዴታው በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ ተጫነ።

ከባንክ ተበድሮ፣ ዕቁቡን ጨምሮ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛና የራይድ ሥራ የሚሠራ አንድ አባወራ እናስብ። ሊብሬው በስሙ ነው። ቦሎውን በየዓመቱ ያሳድሳል፤ ግብሩን ይከፍላል። መኪናውን ሲገዛ ግን ስለ ባትሪው ጤንነት የነገረው ደላላው ነው። የእንዲህ ዓይነት መኪና ዋጋ ትልቁ ክፍል ባትሪው ላይ ነው። ስለዚህ ይህ አባወራ የቤተሰቡን ጥሪት ያፈሰሰው በደላላ ምስክርነት ላይ ነው ማለት ነው።

ውሎ አድሮ መኪናው የስህተት ምልክት ሲያበራ ወደ ሠፈሩ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩ ሙያ አያንሰውም፤ የድሮዎቹን መኪኖች ዓይኑን ጨፍኖ ፈትቶ ይገጥማል። እዚህ ግን የመኪናው ሰሌዳ የሚናገረው በቻይንኛ ነው፤ የስህተቱን ኮድ ለመክፈት ደግሞ የአምራቹ ሶፍትዌርና የይለፍ ቃል ይጠየቃል። መኪናው ሕመሙን ያውቀዋል፤ ባሕር ማዶ ላለው አምራች ሊናገረው ይችላል፤ ለባለቤቱና ለመካኒኩ ግን ዲዳ ነው። መኪናው በቆመ ቁጥር የዕለት ገቢው ይቆማል፤ የባንኩ ዕዳ ግን አይቆምም። ዳታ ከዳቦ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

መኪና የሌለው መራጭ “ይህ የባለ መኪና ጭንቀት ነው” እንዳይል ወደ ቤታችን ግድግዳ እንመልከት። ካርድ ቆጣሪ የሚያስሞላ ቤተሰብ የቀረውን ሒሳብ ያያል፤ ሌላ ነገር አያሳስበውም። ፍጆታን በየሰዓቱ እየለካ በርቀት የሚያስተላልፍ ስማርት ቆጣሪ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ምጣዱ የሚጣደው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ፣ ቤተሰቡ መቼ እንደሚተኛ፣ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን ከፍጆታው ልክ ሊነበብ ይችላል። ይህ መዝገብ በእጃችን ቢሆን ቢል በዛብን ስንል የምናቀርበው ማስረጃ ይሆነን ነበር። በእጃችን ካልሆነ ግን ክርክር ሲነሳ ማስረጃው በሙሉ የሚገኘው በአንደኛው ተከራካሪ እጅ ብቻ ነው። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ብቻ መዝገቡን የሚያይበት ክርክር ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

ሕጋችን የት ላይ ቆሟል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1204 ባለቤትነት በግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችል መብት ሁሉ የሰፋው መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ ሲጻፍ ግዙፍ ነገር ማለት ቤት፣ በሬ፣ መኪና፣ ወፍጮ ነበር። ወፍጮ የገዛ ሰው ወፍጮው ስንት ኩንታል እንደፈጨ ለማወቅ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ግን ዕቃው በእኛ ደጃፍ፣ የዕቃው አንደበት በሌላ አገር ሆኖ ተከፍሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የንብረት መብትን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት የመከበር መብትን አስቀምጧል። ሁለቱ መብቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ማለትም የገዛ ንብረቴ ስለ እኔ በሚናገርበት ቦታ ላይ፣ ዝርዝር ሕግ የለንም።

በእርግጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እውነቱን መናገር ስለሚገባ አዋጁ አገሪቱ ለብዙ ዘመን ያልነበራትን ነገር ያመጣ ነው። ዜጋው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃን የማየት፣ የማሳረምና የማስሰረዝ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ችግሩ ሦስት ነገር ላይ ነው።

አንደኛ፣ አዋጁ የሚጠብቀው የሰውን የግል መረጃ ነው። የባትሪ ሙቀት ወይም የሞተር ስህተት ኮድ “የሰው መረጃ አይደለም፤ የማሽን መረጃ ነው” ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ለአባወራው ግን የሚያስፈልገው ይኸው የማሽን መረጃ ነው። ሁለተኛ፣ አዋጁ ዕቃው ከመጀመሪያውኑ መረጃውን ለተጠቃሚው በሚያሳይ መንገድ እንዲሠራ አያዝም። በር በሌለበት ቤት የመግባት መብት መስጠት ብዙ አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለአስፈጻሚው አካል ነው። ብዙ የዜጋ መረጃ ከያዙት ተቋማት መካከል ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮምና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን የመሳሰሉ፣ መንግሥት ባለቤት ወይም ዋና ባለድርሻ የሆነባቸው ድርጅቶች አሉ። ተቆጣጣሪውና ዋነኛው ተቆጣጣሪ የሚያስፈልገው አካል በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድሩ ዜጋው አቤት የሚልበት ደጅ ይጠብባል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ግልጽ ላድርግ። ላም የገዛ ሰው ስለ ወተቱ ከሻጩ ጋር ፍርድ ቤት አይቆምም፤ ወተቱ ከላሟ ጋር ይሄዳል። መረጃ ግን እንደ ወተት አይደለም፤ አንዱ ሲጠቀምበት ለሌላው አያልቅም። ስለዚህ “መረጃው የማን ንብረት ነው?” በሚለው ላይ ብቻ ብንከራከር ዘመን ይፈጅብናል። የሚጠቅመው ጥያቄ “ማን ያየዋል? ለማን ይሰጣል? አይሆንም የማለት ሥልጣን ያለው ማነው?” የሚለው ነው። ፓርቲያችን የሚጠይቀው የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ተጠቃሚው እንዲሆን ነው።

ሌሎች ምን አደረጉ?

ይህ ሐሳብ የእኛ ፓርቲ ሕልም ብቻ ነው እንዳይባል ሌላው ዓለም የደረሰበትን እንመልከት።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የዳታ ሕግ የተባለውን ደንብ ቁጥር 2023/2854 አጸደቀ። ደንቡ ከመስከረም 12 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል። በዚህ ሕግ መሠረት ከኔትዎርክ ጋር የተገናኘ መኪና፣ ፍሪጅ ወይም ማሽን የሚጠቀም ሰው ዕቃው የሚያመነጨውን መረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው። መረጃው ለመረጠው መካኒክ ወይም ሌላ አገልግሎት ሰጪ እንዲሰጥለት ሊያዝ ይችላል። መብቱ ዕቃውን ለገዛው ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የተከራየውንም ይጨምራል። አምራቹም የግል ያልሆነውን የማሽን መረጃ እንኳ ቢሆን ያለ ተጠቃሚው ውል እንዳሻው ሊጠቀምበት አይችልም። ኅብረቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የባትሪ ደንብ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው የባትሪውን ጤንነት የሚያሳየውን መረጃ እንዲያነብ አስገዳጅ ድንጋጌ አስቀምጧል፤ ይህም ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። እኛ አገር በደላላ አንደበት የሚነገረው ነገር እዚያ በሕግ የተረጋገጠ መብት ነው።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ጉዳዩን የወሰኑት መራጮች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከብሔራዊው ምርጫ ጋር በቀረበላቸው የሕዝብ ውሳኔ፣ መኪናው በሞገድ የሚልከው የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ባለቤቱ ለመረጠው ጋራዥ ክፍት እንዲሆን ከ4 መራጮች 3ቱ ደገፉ። የመኪና አምራቾች ማኅበር ሕጉን ለማሳገድ ፍርድ ቤት ቢሄድም፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2025 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን ያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አድርጎታል። መራጭ በምርጫ ሣጥን የራሱን ጋራዥ መጠበቅ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ሕግ ሳይኖር የሚደርሰውን ደግሞ ከዚያው ከአሜሪካ እንማር። እ.ኤ.አ. በ2024 ጀነራል ሞተርስ የተባለው አምራች የደንበኞቹን የአነዳድ መረጃ መረጃ ለሚነግዱ ድርጅቶች ሲሰጥ መቆየቱ በጋዜጣ ተጋለጠ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 ባቀረበው አቤቱታ እንደገለጸው፣ የመኪናው አድራሻ አንዳንዴ በየ3 ሰከንዱ ይመዘገብ ነበር፤ መረጃውም ለኢንሹራንስ ውሳኔ ውሏል። ኩባንያው እንዲህ ያለውን መረጃ ለእነዚህ ድርጅቶች ለ5 ዓመት እንዳይሰጥ የሚከለክል ትእዛዝ ተላለፈበት። ሰዎቹ ዓረቦናቸው ለምን እንደጨመረ ያወቁት መኪናቸው እንደመሰከረባቸው ሲነገራቸው ነው። ጠንካራ ፍርድ ቤትና ነጻ ጋዜጣ ባለበት አገር ይህ ከሆነ፣ ሁለቱም በደከሙበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መራጩ ራሱ ይገምተው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

“ገበያችን ትንሽ ነው፤ ብናስገድዳቸው አምራቾቹ ይተዉናል” ይባላል። የነዳጅ መኪናን በጉምሩክ በር ላይ ማስቆም የቻለ መንግሥት፣ የመረጃው ቁልፍ ያልተሰጠውን መኪና በዚያው በር ላይ መጠየቅ ያቅተዋል ማለት አያሳምንም። ወደ አውሮፓ መኪና የሚልኩ አምራቾች ይህንኑ መብት እዚያ ለማክበር ተገደዋል። የምንጠይቀው ለሌላው ደንበኛ የከፈቱትን በር ለእኛም እንዲከፍቱ ነው። በእርግጥ ለቻይና ገበያ ብቻ ታስበው ተሠርተው በአስመጪዎች በኩል የገቡ መኪኖች አሉ። የእነሱ ጉዳይ በአንድ ሌሊት አይፈታም፤ የመሸጋገሪያ ጊዜ ያስፈልጋል። ዋጋም በመጠኑ ሊጨምር ይችላል። ነገር ግን በጭፍን የተገዛ ባትሪ የሚያስከትለው ኪሳራ ከዚያ ይበልጣል።

“የንግድ ምስጢር ይወጣል፤ ሌባም ይገባል” የሚሉም አሉ። እኛ የምንጠይቀው የማንበብ መብት እንጂ የመኪናውን ሶፍትዌር የመለወጥ መብት አይደለም። ባትሪዬ ምን ያህል እንደደከመ ማወቄ ባትሪው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ አይደለም። የአውሮፓው ሕግም የንግድ ምስጢርን የሚጠብቁ ድንጋጌዎች አሉት፤ ተጠቃሚው የተሰጠውን መረጃ ተጠቅሞ ተወዳዳሪ ምርት እንዳይሠራም ይከለክላል።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ ባለቤቱና ተጠቃሚው የተለያዩ ሲሆኑ መረጃው ለማን ይሁን? የጭነት መኪናው የባለሀብቱ ነው፤ በጂፒኤስ ቀኑን ሙሉ የሚታየው ግን ሹፌሩ ነው። ቆጣሪው በአከራይ ስም ነው፤ የሚኖርበት ግን ተከራይ ነው። መኪናው በባል ስም ነው፤ የምትነዳው ግን ሚስት ነች። “ለባለቤቱ ይሰጥ” ብለን ብቻ ብንደነግግ አንዱን ጭቁን ነጻ አውጥተን ሌላውን ለስለላ አሳልፈን እንሰጣለን። ስለዚህ ፓርቲያችን ሁለቱን ይለያል። የዕቃው ጤንነት መረጃ ለባለቤቱ ይሁን። የሰው ውሎ፣ ማለትም የት ሄደ፣ መቼ ገባ፣ መቼ ተኛ የሚለው፣ የተመዘገበበት ሰው መብት ሆኖ ይጠበቅ። ሹፌርም በእሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበውን መዝገብ ሙሉ ቅጂ ሳያይ አይቀጣ።

ፓርቲያችን የሚገባው ቃል

በእናንተ ድምፅ ምክር ቤት ስንገባ የሚከተሉትን በሕግ እንዲደነገጉ እናቀርባለን።

1. ከኔትዎርክ ጋር የተገናኘ ዕቃ የሚጠቀም ማንኛውም ሰው ዕቃው የሚያመነጨውን መረጃ ያለ ክፍያ፣ በሚነበብ መልክ የማግኘትና ለመረጠው መካኒክ ወይም ባለሙያ የማሰጠት መብት ይኖረዋል።

2. የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪ የስህተት ኮድ ማንበቢያውንና የባትሪ ጤንነት መረጃውን ለገዢው ሳያስረክብ አዲስ መኪና አይሸጥም። አስቀድመው ለገቡት መኪኖች የመሸጋገሪያ ጊዜ ይሰጣል።

3. ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስም ሲዛወር የባትሪው ጤንነት ከመኪናው በተነበበ መረጃ ተረጋግጦ ከሽያጭ ውሉ ጋር ይያያዛል። የመረጃው ቁልፍ ከሊብሬው ጋር ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል፤ የቀድሞው ባለቤት ከመተግበሪያው ይወጣል።

4. ገዢው በግልጽና በሚገባው ቋንቋ ሳይስማማ መረጃው ለኢንሹራንስ፣ ለባንክ ወይም ለሌላ ነጋዴ አይሰጥም። አለመስማማቱም ዕቃውን ከመጠቀም አያግደውም።

5. ፖሊስም ሆነ ሌላ የመንግሥት አካል ከመኪና፣ ከቆጣሪም ሆነ ከስልክ የሰውን ውሎ የሚያሳይ መረጃ የሚያገኘው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ብቻ ይሆናል። ለሕይወት አስጊ በሆነ አስቸኳይ ሁኔታ የተወሰደ መረጃ ወዲያውኑ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ይመረመራል።

6. የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሆነ ራሱን የቻለ ተቋም ይሆናል። መንግሥታዊ ድርጅቶችን እንደማንኛውም ነጋዴ ይመረምራል፤ የምርመራውን ውጤትም በየዓመቱ ለሕዝብ ያሳውቃል።

አምስተኛውና ስድስተኛው ነጥብ እኛንም የሚያስሩ መሆናቸውን አውቀን ነው የጻፍናቸው። ዛሬ ተቃዋሚ ሆኖ ስለላን የሚያወግዝ፣ ነገ ሥልጣን ሲይዝ ግን መዝገቡን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የሚያነብ ፓርቲ ለሕዝብ አይበጅም። ስለዚህ ሕጉ ማን እንደሚገዛ ሳያይ ሁሉንም የሚያስር ሆኖ መጻፍ አለበት። ይህን ቃል ብናጥፍ በዚሁ ጽሑፍ ትከሱን ዘንድ ማኒፌስቶውን ሳትጥሉ አስቀምጡት።

የተከበራችሁ መራጮች፤

በየቀበሌያችሁ ድምፅ ሊጠይቅ ለሚመጣ እጩ ሁሉ፣ የእኛንም እጩ ጨምሮ፣ ይህን ጥያቄ አቅርቡለት፦ “ለገዛሁት ዕቃ ሙሉ ዋጋ ከፍያለሁ፤ የዕቃውን ምስክርነት ለእኔ ለማስመለስ ምን ሕግ ታወጣለህ?” የሚያጉረመርመውን እለፉት፤ በግልጽ የሚመልሰውን ምረጡት። አምራቾችና አስመጪዎች ጥቅማቸውን የሚያስከብርላቸው ጠበቃ ቀጥረዋል። ሹፌሩ፣ መካኒኩና ቆጣሪ የምትሞላው እናት ያላቸው ጠበቃ የምርጫ ካርዳቸው ነው፤ በምርጫው ዕለት ይዘውት ይውጡ።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ